ስትሮክ ድንገት ይመታል፣ ድንገት ግን አይመጣም

«ትናንት ደህና ነበር እኮ! ምንም አላለውም፣ ድንገት ነው የወደቀው።» ስትሮክ የመታው ሰው ቤተሰብ ብዙ ጊዜ እንዲህ ይላል። መውደቁ ድንገት ነው፣ እውነት ነው። «ደህና ነበር» የሚለው ላይ ግን አልስማማም። ያንን ቀን ያመጣው ነገር አብዛኛውን ጊዜ በሰውየው ልብና ደም ሥር ውስጥ አምስትም፣ አሥርም፣ ሃያም ዓመት ሲብላላ የቆየ ነው። ስላላመመው ብቻ ማንም አላየውም። ይሄ ጉዳይ በደንብ ቢገባን ብዙ ሰው ከአልጋ ይተርፍ ነበር ብዬ ስለማምን በእርጋታ ላስረዳ።

ስትሮክ የአንጎል በሽታ ነው። ልብን የሚያጠቃው ሃርት አታክ ሌላ ነው። ሁለቱን የሚያቀላቅል ሰው ብዙ ነው፣ ቢቀላቅልም አይገርምም፤ የሚመጡበት መንገድ አንድ ነውና። የልብን ደም ሥር የሚያበላሸው ግፊት፣ ስኳር፣ ሲጋራና ስብ የአንጎሉንም አይምርም።

አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ገደማ ቢሆን ነው። ከምንጠቀመው ኦክስጅን ግን 20 በመቶ ያህሉን ለብቻው ይወስዳል። ትርፍ አያስቀምጥም፤ በየሰከንዱ በሚደርሰው ደም ነው የሚኖረው። ስለዚህ ደሙ ሲቋረጥበት ጉዳቱ በደቂቃዎች ይጀምራል። አንድ ትልቅ የአንጎል ደም ሥር ተዘግቶ ሳይታከም ሲቆይ በየደቂቃው 1.9 ሚሊዮን ያህል የነርቭ ሴሎች እንደሚሞቱ ይገመታል። በየደቂቃው!

ደም የሚቋረጠው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው የረጋ ደም ቧንቧውን ሲዘጋው ነው፤ በዓለም ላይ ከሚደርሰው ስትሮክ ሁለት ሦስተኛው ገደማ እንዲህ ያለ ነው። ሁለተኛው ቧንቧው ፈንድቶ ደም አንጎል ውስጥ ወይም በአንጎል ዙሪያ ሲፈስ ነው። ይሄኛው ቁጥሩ ያንሳል፣ ገዳይነቱ ግን ይብሳል።

የረጋው ደም ከየት መጣ? አንዳንዴ አንገት ላይ ካሉት ትልልቅ ደም ሥሮች ነው። እዚያ ለዓመታት የተጠራቀመ ስብ አንድ ቀን ይሰነጠቅና ደም ይረጋበታል፣ ቁራጩ ተነስቶ ወደ ላይ ይሄዳል። አንዳንዴ ከልብ ራሱ ነው፣ ወደዚህ እመለሳለሁ። አንዳንዴ ደግሞ አንጎል ውስጥ ጠልቀው የገቡት እንደ ክር የቀጠኑ ደም ሥሮች ግድግዳቸው በግፊት ብዛት ወፍሮ፣ ደንድኖ፣ በመጨረሻ ይዘጋል። እነዚሁ ቀጫጭን ደም ሥሮች ከመዘጋት ይልቅ ሊፈነዱም ይችላሉ። እንግዲህ ልብ በሉ፣ መዝጋቱም መፈንዳቱም ጋ ደም ግፊት አለ።

ለዚህ ነው ስለ ግፊት ረዘም አድርጌ የማወራው።

የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ታሪክ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1944 አንድ የልብ ሐኪም ሲመረምራቸው ግፊታቸው 186/108 ነበር፣ ልባቸውም ደክሞ ነበር። ለሕዝብ ግን ጤናቸው ደህና ነው ይባል ነበር። በዚያ ዘመን ሐኪም ግፊትን ለማውረድ የሚሰጠው ይህ ነው የሚባል መድኃኒት አልነበረውም፤ ጨው ቀንሱ፣ ዕረፍት አድርጉ ነበር የሚባለው። ከዓመት በኋላ፣ ሚያዝያ 12 ቀን 1945፣ ተቀምጠው ሳለ ራሳቸውን ከባድ ሕመም ያዛቸውና ወደቁ። ሐኪሙ ሲደርስ ግፊታቸው ከ300 በላይ ነበር። አንጎላቸው ውስጥ ደም ፈስሶ በዚያው ቀን ሞቱ፣ 63 ዓመታቸው ነበር። ነገሩ ምንም ምልክት ሳያሳይ እንደመጣ ነበር ያኔ የተነገረው። የግፊታቸው ቁጥር ግን ወረቀት ላይ ተጽፎ ይገኛል።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1948፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ ፍራሚንግሃም በምትባል ከተማ 5,209 ነዋሪዎችን ለዓመታት እየተከታተለ ልብ ለምን እንደሚታመም የሚያጠና ትልቅ ሥራ ተጀመረ። ዛሬ «ግፊት፣ ኮሌስትሮል፣ ሲጋራ አደጋ ናቸው» ብለን ቀለል አድርገን የምንናገረው ነገር ብዙው የታወቀው እዚያ ነው።

ቁጥሩ ምን ይላል? ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 69 በሆኑ ሰዎች ላይ፣ ከ115/75 ጀምሮ የላይኛው ግፊት በ20 ነጥብ በጨመረ ቁጥር በስትሮክ የመሞት ዕድል ከእጥፍ በላይ ይሆናል። በ115 እና በ155 መካከል ያለውን ልዩነት አስቡት። ደስ የሚለው፣ ወደ ታች ሲሄድም ይሠራል፤ የላይኛውን ግፊት በ10 ነጥብ ማውረድ ስትሮክን ከሩብ በላይ ይቀንሳል። ሰው ግን «እኔ ግፊት የለብኝም፣ ራሴን አያመኝም» ይላል። ግፊት እኮ ራስን ማሳመም ግዴታው አይደለም። በዓለም ላይ ከ1 ቢሊዮን በላይ አዋቂ ሰዎች ግፊት አለባቸው፣ ግማሽ ያህሉም እንዳለባቸው አያውቁም። የሚታወቀው በመለኪያ ብቻ ነው።

አለካኩም የራሱ ወግ አለው። ደረጃ ወጥቶ እያለከለኩ መለካት ትርጉም የለውም። ለ5 ደቂቃ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ፣ ጀርባችሁ ይደገፍ፣ እግር መሬት ይንካ፣ አይቆላለፍ፣ ክንድ ደግሞ በልብ ትክክል ይሁን። ከመለካቱ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ቡናም ሲጋራም አይኑር። ሽንት ቤት መሄድ ካለባችሁ ሂዱና ተመለሱ፣ የሞላ ፊኛ ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል። እየተለካ አታውሩ። ሁለቴ ለኩና ጻፉት። በተለያዩ ቀናት ሐኪም ጋ 140/90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ግፊት አለ ማለት ነው፤ አንዳንድ አገሮች መስመሩን 130/80 ላይ አድርገውታል።

አሁን በጣም የሚያሳዝነኝ ነገር ላይ ደረስኩ። ሰው መድኃኒት ይጀምራል፣ ግፊቱ ይስተካከላል፣ «ዳንኩ» ብሎ ያቆማል። ወይም «አንዴ ከጀመርኩ ሱስ ይሆንብኛል» ብሎ ጨርሶ አይጀምርም። ግፊቱ የተስተካከለው መድኃኒቱ ስላለ ነው! ሲያቆሙት ተመልሶ ይወጣል፣ አንዳንዱ መድኃኒትማ በድንገት ሲቆም ግፊቱን ከበፊቱ ብሶ ሊያስነሳው ይችላል። ሱስም አያስይዝም። ክብደት ቀንሶ፣ ጨው ቀንሶ፣ እንቅስቃሴ ጀምሮ መድኃኒቱ የሚቀነስለት ሰው አለ፣ ያ ግን ሐኪም እያየው ነው። መድኃኒቱ ሳልም ሆነ የእግር እብጠት አምጥቶ ካስቸገራችሁ ሌላ ዓይነት መድኃኒት ስላለ ዝም ብሎ ከማቆም መናገር ይሻላል።

ወደ ልብ ልመለስ። የልብ የላይኞቹ ክፍሎች በሥርዓት መምታታቸውን ትተው ዝም ብለው የሚርበተበቱበት ሕመም አለ፣ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ይባላል። ክፍሎቹ በደንብ ስለማይጨመቁ ደሙ ጥግ ላይ ይቆማል። የቆመ ደም ደግሞ እንደ ወተት ነው፣ ይረጋል። የረጋው ተነስቶ ከልብ ሲወጣ ቀጥታ አንጎል ላይ ሊያርፍ ይችላል። ይህ ሕመም ያለበት ሰው ስትሮክ የመያዝ ዕድሉ ከሌለበት 5 እጥፍ ያህል ነው፣ ሲመታውም ትልቅ ደም ሥር ስለሚዘጋ ጉዳቱ ይከፋል።

ክፋቱ፣ ብዙ ሰው አይሰማውም። የሚሰማውም «ልቤ ትር ትር ይላል» ብሎ በድካም ያሳብባል። ዕድሜ በገፋ ቁጥር እየበዛ ይሄዳል፤ ግፊት፣ ውፍረት፣ ብዙ አልኮልና በእንቅልፍ ላይ ትንፋሽ መቆራረጥ ያባብሱታል። ቤት ውስጥ መሞከር የሚቻል ነገር አለ። ሁለት ጣታችሁን በአውራ ጣት በኩል አንጓችሁ ላይ አድርጉና ለአንድ ደቂቃ የልብ ምታችሁን አዳምጡ። አመታቱ ወጥ ነው? ወይስ አንዴ ፈጠን፣ አንዴ ዘለል፣ አንዴ ዘግየት እያለ መልክ የለውም? መልክ የሌለው ከሆነ ኢሲጂ፣ ማለትም የልብን ምት ወረቀት ላይ የሚያወጣውን ምርመራ ተነሱ። ምርመራው ደቂቃዎች ብቻ የሚፈጅ ነው፣ አያምም። ከተገኘ፣ ለሚያስፈልገው ሰው ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት ይሰጣል፣ እሱም ከዚህ የሚመጣውን ስትሮክ በሁለት ሦስተኛ ያህል ይቀንሳል። በሕክምና ውስጥ እንዲህ ያለ ውጤት የሚያመጣ መድኃኒት ብዙ የለም። አስፒሪን ይህንን ሥራ አይተካም።

ወጣቶችም ላይ ከልብ የሚነሳ ስትሮክ አለ። በልጅነት በደንብ ያልታከመ የቶንሲል ሕመም ሩማቲክ የልብ በሽታ አምጥቶ የልብን ቫልቭ ሊያጠብ ይችላል። ያኔም ደም ይቆማል፣ ይረጋል። የልጅ ጉሮሮ በባክቴሪያ ሲታመም የታዘዘውን አንቲባዮቲክ እስከ መጨረሻው መስጠት ከ20 ዓመት በኋላ የሚመጣን ስትሮክ እስከመከላከል ይደርሳል።

አስፒሪንን ካነሳሁ አንድ ነገር ልጨምር። ምንም የልብም የስትሮክም ታሪክ የሌለው ጤነኛ ሰው «ደሜ ይቅጠን» ብሎ በየቀኑ አስፒሪን ሲውጥ አያለሁ። ይቅርባችሁ። ጨጓራም አንጎልም ያደማል። ሐኪም ምክንያት ኖሮት ካዘዘው ሌላ ጉዳይ ነው።

እሺ፣ አኗኗርስ? በ32 አገሮች የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ኢንተርስትሮክ የሚባል ትልቅ ጥናት አለ። ከስትሮክ አደጋ 90 በመቶ ያህሉ ልንለውጣቸው ከምንችላቸው አሥር ነገሮች ጋር የተያያዘ ሆኖ አገኘው። ግፊት፣ እንቅስቃሴ ማነስ፣ የደም ስብ፣ አመጋገብ፣ የሆድ ውፍረት፣ ጭንቀት፣ ሲጋራ፣ የልብ ሕመም፣ አልኮልና ስኳር ናቸው። ግፊት ብቻውን ከግማሽ ትንሽ ያነሰውን ይይዛል። ዝርዝሩን ስታዩት አብዛኛው ወይ ግፊትን የሚያወጣ ነው፣ ወይ ግፊት የጀመረውን የሚጨርስ ነው።

ሲጋራ ላይ ሰው ራሱን የሚያታልልበት ነገር አለ፦ «ቀንሻለሁ፣ አሁን በቀን አንድ ብቻ ነው።» መቀነሱ ጥሩ ነው፣ ግን በቀን አንዲት ሲጋራ ብቻ የሚያጨስ ሰው እንኳ ጨርሶ ከማያጨሰው የስትሮክ አደጋው ከ25 እስከ 30 በመቶ ገደማ ይበልጣል። ደም ሥር ለትንሹም ጭስ ይቆጣል። ማቆም ነው። ካቆሙ በኋላ አደጋው በዓመታት ውስጥ እየወረደ ካላጨሰ ሰው ጋር ይቀራረባል፣ ለዚህ ደግሞ በየትኛውም ዕድሜ አይረፍድም።

ጨው በቀን ከ5 ግራም እንዳይበልጥ ነው የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ። ችግሩ እኛ የምንነሰንሰው ብቻ አይደለም፣ የታሸገና ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ምግብ ውስጥ ገብቶ የሚመጣው ነው። ቻይና ውስጥ በ600 መንደሮች 21 ሺህ ገደማ ሰዎች ላይ የተሠራ ሙከራ በጣም ያስደስተኛል። ከተሳታፊዎቹ ብዙዎቹ ቀድሞ ስትሮክ የመታቸው ነበሩ። ለግማሾቹ መንደሮች ሩቡ በፖታሲየም የተተካ ጨው ተሰጣቸው፣ ሌሎቹ በለመዱት ቀጠሉ። አምስት ዓመት ገደማ ቆይቶ ሲታይ ጨው የቀየሩት ላይ ስትሮክ በ14 በመቶ ቀንሷል። ጨው ብቻ ነው የተቀየረው! የኩላሊት ችግር ያለበት ወይም ፖታሲየም የሚጨምር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን እንዲህ ያለውን ጨው ሐኪም ሳይጠይቅ አይንካው።

ከጨው ውጭ ያለው አመጋገብ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። አትክልት፣ ፍራፍሬ፣ ጥራጥሬ፣ ያልተፈተገ እህል፣ ዓሣ፣ የአትክልት ዘይት ይብዛ፤ ስኳር ያለበት መጠጥ፣ የተጠበሰና ብዙ የተቀነባበረ ነገር ይቀነስ። ስለ አንድ ተአምረኛ ቅጠል ወይም ጭማቂ የሚነግራችሁን አትስሙ።

እንቅስቃሴ ሲባል ሰው ጂም ያስባል። በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ ይበቃል፣ ማለትም በአምስት ቀን ሠላሳ ሠላሳ ደቂቃ። እያወሩ መሄድ ይቻላል፣ መዝፈን ግን ያቅታል፣ ፍጥነቱ እንደዚያ ነው። ስንንቀሳቀስ ደሙ በፍጥነት ስለሚፈስ የደም ሥሩ የውስጥ ሽፋን ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ነገር ያመነጫል፣ ቧንቧው ይላላል፣ ግፊት ይወርዳል። ሠላሳ ደቂቃ ካልተገኘ አሥር አሥሩ ይደመራል።

ስኳር በሽታ የስትሮክን አደጋ እጥፍ ያህል ያደርሰዋል፤ ግፊት ከተጨመረበት ደግሞ ሁለቱ እየተጋገዙ ደም ሥርን ይጨርሱታል። አልኮል ባነሰ ቁጥር ይሻላል፤ በተለይ በአንድ ምሽት ብዙ መጠጣት ግፊትንም የልብ ምትንም ያናውጣል። እንቅልፍ ከ7 እስከ 9 ሰዓት። በጣም የሚያንኮራፋና ትንፋሹ እየተቆረጠ የሚባንን ሰው ካለ ይመርመር፣ በመድኃኒት እምቢ የሚል ግፊት አንዳንዴ ምክንያቱ እሱ ነው።

«የኛ ዘር ነው፣ አባቴም በዚሁ ነው የሞተው» የሚል ሰው ብዙ ነው። ዘር ድርሻ አለው። ግን እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ከ306 ሺህ በላይ የብሪታንያ ሰዎችን የተከታተለ ጥናት ጥሩ ነገር አሳይቷል። ማጨስን፣ አመጋገብን፣ ክብደትንና እንቅስቃሴን አይተው ሲመድቡ፣ አኗኗራቸው መጥፎ የሆነው ጥሩ ከሆነው ይልቅ በስትሮክ የመያዝ ዕድላቸው 66 በመቶ ይበልጥ ነበር። ይህ ልዩነት ዘራቸው አደገኛ በሆነባቸውም፣ ባልሆነባቸውም ላይ ታይቷል። አባታችሁ ስትሮክ መትቷቸው ከሆነ ከሌላው ቀድማችሁ መለካት መጀመር ያለባችሁ እናንተ ናችሁ።

ይህን ሁሉ አድርጎም ስትሮክ ሊመጣ ይችላል፣ ስለዚህ ምልክቱን እወቁ። ፊት በአንድ ጎን መውደቅ፣ አንድ እጅ ወይም እግር መዛል፣ ንግግር መኮላተፍ ወይም የሚባለውን አለመረዳት፣ ድንገት ማየት አለመቻል ወይም ሚዛን መሳት፣ ከዚህ በፊት ታይቶ የማይታወቅ ድንገተኛ የራስ ሕመም። አንዱ እንኳ ከታየ ሰዓቱን ያዙና ወዲያው ሆስፒታል ሂዱ። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በአብዛኛው የሚሰጠው ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው፣ እሱም ሲቲ ስካን (የአንጎል ራጅ) ተነስቶ ደም አለመፍሰሱ ከታየ በኋላ። ቤት ውስጥ አስፒሪን አትስጡ፤ እየፈሰሰ ከሆነ ታባብሱታላችሁ። ውሃም ምግብም አትስጡ፤ መዋጥ አቅቶት ሳንባው ውስጥ ሊገባ ይችላል። ግፊቱ ከፍ ብሏል ብላችሁ ተጨማሪ የግፊት ክኒን አትስጡት።

ምልክቱ መጥቶ በሃያ ደቂቃ ቢጠፋስ? እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሸወደው። እጁ ዝሎ፣ ምላሱ ተሳስሮ፣ ከዚያ ሲመለስ «ድካም ነው» ብሎ ይተኛል። ይህ ደም ሥር ተዘግቶ በራሱ የተከፈተበት ሊሆን ይችላል፣ እውነተኛው ስትሮክ ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚያሰጋው በሚቀጥሉት ሁለት ቀናት ውስጥ ነው። ኦክስፎርድ ውስጥ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ ጥናት እንዲህ ያሉ ሰዎችን በዚያው ቀን አይቶ ሕክምና መጀመር በሦስት ወር ውስጥ የሚመጣውን ስትሮክ በ80 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። ስለዚህ ጠፋ ተብሎ ለሳምንት ቀጠሮ አይያዝም፣ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ነው።

አንዴ ስትሮክ የመታቸውና የተረፉ ሰዎች ደግሞ አሉ። ፊዚዮቴራፒው ላይ ሁሉም ይረባረባል፣ ተገቢም ነው፤ ሁለተኛውን የሚያስቀረው ግን ያ የመድኃኒት ከረጢት ነው። እንደ ስትሮኩ ዓይነት የግፊት መድኃኒት፣ የኮሌስትሮል መድኃኒት፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት ይኖራል። የትኛው ለምን እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቃችሁ በየካርቶኑ ላይ ጻፉበት፣ የሚያስታምመው ሰው ሲቀየር እንዳይምታታ። ጥርስ ለማስነቀል ወይም ለሌላ ሕክምና ደም ማቅጠኛውን ማቆም ያስፈልግ እንደሆነ የሚወስነው ያዘዘው ሐኪም ነው፤ ብዙ ጊዜ ጥርስ ለመንቀል ብቻ ማቆም አያስፈልግም። ከቀጠሮው ቀን በፊት ደውላችሁ አረጋግጡ።